በጐንደር ያልጠፋው ጧፍ

ጐንደርን ለማየት የሚመጣ እንግዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፋሲል ግንብ ነው። ግንቡን ዞሮ ካየ በኋላ አስጐብኚው ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወስደውና በዛፍ ወደ ተከበበች አንዲት ኮረብታ ያወጣዋል። በኮረብታዋ ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ትባላለች፤ ትርጓሜውም የብርሃን ተራራ ማለት ነው። በድንጋይ ቅጥሯ ላይ ዐሥራ ሁለት ክብ ግንቦች ቆመዋል። የአገሩ ሰው እነዚህን በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ይመስላቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ ሲያዩዋት የሣር ክዳን ያላት ተራ የድንጋይ ቤት ትመስላለች። ወደ ውስጥ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ግን ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ትልልቅ ዓይንና ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ የአንዱም መልክ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። በምሥራቅ በኩል፣ ወደ መቅደሱ ከሚያስገባው በር በላይ፣ ስቅለቱ ተሥሏል፤ ከስቅለቱም በላይ ሥላሴ ይታያሉ። የዚህ ሥዕል ፎቶግራፍ በብዙ አገር መጻሕፍት ታትሟል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከፋሲል ግቢና ከሌሎች የጐንደር ቅርሶች ጋር በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፋለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሥዕሉን ለማድነቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጐንደር ላይ ከወረዱት የመከራ ቀኖች እጅግ ከከፋው ተርፋ ለዛሬ ደርሳለች። ከእርሷ ጋር ሳይተርፉ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። በጨለማ ዘመን የእምነት ብርሃን እንዴት እንደሚቆይ ለማወቅ የሚሻ ሰው የተረፈችውንም የተቃጠሉትንም አብሮ ማየት ይገባዋል።

የ1880 ዓ.ም. ጥር

ዐፄ ፋሲል ጐንደርን ዋና ከተማቸው ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ነገሥታትና እቴጌዎች እየተከታተሉ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተከሉባት የአርባ አራት ታቦት አገር ተባለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት የፋሲል የልጅ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ናቸው። የነገሡትም ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. ነበር። እኒህ ንጉሥ በፍጻሜያቸው ዕረፍት አላገኙም፤ ዙፋናቸውን ልጃቸው ከያዙ በኋላ በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። ደግሞም ስለ ሕንጻው የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ቤት ኢያሱ በመጀመሪያ ያሠሩት ሳይሆን ከእርሳቸው በኋላ የታነጸ ነው። እንግዲህ «የተረፈችው» የምንላት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከዚያ አስቀድሞ ፈርሳ የተሠራች ናት።

ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በሱዳን የተነሣው የመሐዲ መንግሥት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ጦርነት ገጠመ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ በተባለው የደምቢያ ሜዳ ከሐምዳን አቡ ዐንጃ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ሆኑ። ከዚህ በኋላ ደርቡሾች ያለ ከልካይ ጐንደር ገቡ። ከተማው ተዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በእሳት ጋዩ። ብዙ ሰው ተገደለ፤ ብዙ ሴትና ሕፃንም ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። በዚያው ጊዜ የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ ፈጀ፤ የሚያርስ በማጣት ማሳው ጦሙን አደረ፤ ረኃብም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን ጨረሰ። አባቶቻችን ያን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት፤ ሌላ ስምም አላስፈለገውም።

በዚያ ቃጠሎ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። ስለ አተራረፏ ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። ደርቡሾች ወደ ቅጥሩ ሲቃረቡ የንብ መንጋ ከግቢው ተነሥቶ ሰውንና ፈረሱን እየነደፈ መለሳቸው። የመላእክት አለቃ ቅዱስ ሚካኤል የእሳት ሰይፉን መዝዞ በበሩ ላይ ቆሞ ነበር የሚሉም አሉ። ይህን ታሪክ የጐንደር ልጅ ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይሰማዋል።

የአንዲት ተማሪ ጥያቄ

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይወጣም። እኔ በማስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ እግዚአብሔር ለሥላሴ ንብ ከላከ ለሌሎቹ ለምን አልላከም?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳንዶቹ በድፍረቷ ተገርመው ይሆናል። ጥያቄዋ ግን ከክህደት የመጣ አይደለም። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሚሳለሙት፣ ክርስትናም የተነሡት፣ ያን ጊዜ በተቃጠሉት ደብሮች ነው። የተቃጠለው ደብር ጸሎቱ ያልተሰማለት ነውን? ከቤቱ ሰው የሞተበት፣ እርሻው የወደመበት ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄውን በጥሩ ለመመለስ አስቀድሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። ጨለማው ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ አልነበረም። ከደርቡሾች ሃያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ጐንደርን የዘረፉና ያቃጠሉ ክርስቲያኑ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላም እስላሞች በግድ ክርስትና እንዲነሡ መታዘዛቸውን ታሪክ ይመሰክራል። ስለዚህ ከሱዳን የመጣውን ጦር ጥፋት ዛሬ በጐንደር አብሮን በሚኖረው እስላም ጎረቤት ላይ መጫን ትልቅ በደል ነው። ጨለማ በሰው ልብ ውስጥ ስለሚያድር የሁሉንም ቤት ያውቃል።

ደብረ ፀሐይ

ለተማሪዋ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ስፍራ በከተማው ማዶ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ተራራ ላይ ይገኛል። እርሱም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ደብረ ፀሐይ የፀሐይ ተራራ ማለት ነው። እንግዲህ ጐንደር በአንድ ወገን የብርሃን ተራራ፣ በሌላው ወገን የፀሐይ ተራራ አላት። የብርሃኑ ተራራ ተረፈ፤ የፀሐዩ ተራራ በ1880 ዓ.ም. ተቃጠለ።

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እቴጌይቱ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የሕፃን ልጃቸው የኢያሱ ሞግዚት ሆነው አገር የገዙ፣ መልካቸውም ብልሃታቸውም ሲወራ የኖረ ሴት ነበሩ። ኀዘናቸውም የዚያኑ ያህል ነበር። በ1747 ዓ.ም. ልጃቸው ሞቱባቸው። በ1761 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ሥልጣናቸውም ከእጃቸው ወጣ። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. ሲያርፉ ከዚያ ሁሉ ክብር የቀራቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያንና ጸሎታቸው ብቻ ነበር። በጣና በደቅ ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሰዓሊው ንግሥትን በዙፋን ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ አድርጎ መሣሉ ብዙ ያስተምራል።

ቁስቋም የሚለው ስም ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ቁስቋም በግብፅ አገር የሚገኝ ተራራ ሲሆን፣ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ በሸሸች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስደት የምታስበው አደይ አበባ ምድሩን በሚያለብስበት ወራት ነው። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ለአርባ ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይከበራል። በእነዚህ ሳምንታት ሊቃውንቱ የእሑድን ሌሊት ማኅሌት ሲቆሙ ያድራሉ። የሚዘምሩትም ስለ ስደተኛዪቱ እናትና ስለ ልጇ ነው። እንግዲህ ለስደት መታሰቢያ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን በ1880 ዓ.ም. የስደትን ዕጣ ራሷ ቀመሰች። ዛሬ በዚያ ተራራ የምናየው ቤተ ክርስቲያን ከቃጠሎው ወዲህ የተሠራ ነው፤ በአጠገቡ የእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ቆሟል። ኅዳር 6 ቀን የጐንደርና የአካባቢው ሰው ወደዚያ ይወጣል፤ ከበሮውም ይመታል። በቃጠሎው ምክንያት በዓሉ ተቋርጦ አልቀረም።

ይህ ራሱ ለተማሪዋ ከፊሉ መልስ ይመስለኛል። ብርሃኑ የግድግዳው ቢሆን ኖሮ ከግድግዳው ጋር በጠፋ ነበር። በሥላሴ የተደረገውን ተአምር በንቦቹ እናውቀዋለን። በቁስቋም የተደረገው ተአምር ግን አመድ ላይ ቆሞ እንደገና ማመስገን ነው፤ ይኸኛው ከፊተኛው ያንሳል ማለት አይቻልም። ክርስቶስን የሚያምን ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በሥላሴ ግድግዳ ላይ ከበሩ በላይ የተሣለው ስቅለት ነውና። የተረፈችው ቤተ ክርስቲያን ለሚገባ ሰው ሁሉ የምታሳየው አንድያ ልጅ ከመከራ ሲያመልጥ ሳይሆን መከራን ሲቀበል ነው።

የሊቃውንቱ ልብ

ሌላው ከፊል መልስ ከመጻሕፍትና ከሰው ልብ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ አጋዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ ተወሰዱ፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ደግሞ የ1880ው እሳት በላው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጐንደር መጻሕፍቷን ሁለት ጊዜ አጣች ማለት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ትምህርቱ በዚያው በቆመ ነበር።

በጐንደር ግን ትምህርቱ አልቆመም፤ ምክንያቱም የትምህርቱ ዋና ማኅደር ብራናው አልነበረም። የመጻሕፍት ትርጓሜ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ይተላለፋል። ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባሉ የሚጠሩት የጐንደር የትርጓሜ መንገዶች የቆዩት በዚህ ዓይነት ነው። ድጓውን፣ ቅኔውን፣ አቋቋሙን አንድ ሊቅ በልቡ ይዞት ይሄዳል። ከተማው ሲቃጠል ወደ ገዳም፣ ወደ ጣና ደሴቶች ወይም ወደ ደጋው ይሸሻል፤ በደረሰበት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወንበር ይዘረጋል፤ ተማሪም ይሰበሰባል። በቤተ ክርስቲያናችን ዓይናቸው ሳያይ መጻሕፍቱን በቃላቸው የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን መኖራቸው የታወቀ ነው። የፀሐይ ብርሃን የማያዩት ሰዎች ለሌላው መብራት ሲሆኑ ማየት ስለ ብርሃን ከሚሰጥ ስብከት ሁሉ ይበልጣል።

ደግሞም ያ ክፉ መቶ ዓመት የቆየውን በመጠበቅ ብቻ አላለፈም፤ አዲስ ነገርም ወልዷል። በቀልዳቸው በአገሩ ሁሉ የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና በጐንደር በአታ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም «ተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ሥርዓት የተገኘው ከእርሳቸው ነው። ነገሥታት በሚዋጉበት፣ ከተማ በሚቃጠልበት ዘመን አንድ ሰው ተቀምጦ መቋሚያ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ እግር እንዴት እንደሚረግጥ አሰበ። በአታ ዛሬም የአቋቋም ተማሪ የሚመሰክርበት ቤት ነው።

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ፣ ከጃናሞራና ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ ደበሎ ለብሰው አኮፋዳ አንግተው ለትምህርት የሚወጡ ልጆች የዚያ ሰንሰለት የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ናቸው። በየደጁ ቆመው በእመቤታችን ስም ይለምናሉ፤ የለመኑትን በልተው ያነባሉ፤ በሌሊት ይቀጽላሉ። ውሻ ይነክሳቸዋል፤ ብርድ ይቆረጥማቸዋል። ቁራሽ እንጀራ የምትሰጣቸው የገበሬ ሚስት ምናልባት ፊደል አልቆጠረች ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ትምህርት በእርሷ ቁራሽ ነው የኖረው።

ንብና ሰም

ስለ ንቦቹ ሳናነሣ የማናልፈው አንድ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍ የሚሠራው ከንብ ሰም ነው። ማሩ ከተወሰደ በኋላ የቀረውን ሰፈፍ አቅልጠው ያጠሩትና በጥጥ ፈትል ላይ ያለብሱታል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ንብ አንቢው፣ ፈታይዋና ጧፍ ሠሪው ካልተባበሩ ጧፍ አይገኝም። የደጋ ገበሬ ልጁ ሲታመምበት ወይም ዝናብ ሲዘገይበት ወደ ደብሩ የሚስለው ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ነው። በ1880 ዓ.ም. ንቦቹ አንድ ጊዜ መጥተው አንዲትን ቤተ ክርስቲያን ጠበቁ ይባላል። ሰማቸው ግን በየዓመቱ፣ በየሌሊቱ፣ በተረፈችውም በተቃጠሉትም ደብሮች ይበራል።

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠርም ይህንኑ ያስተምራል። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ ይረዝማል፤ በወገራና በደባርቅ ደጋ ውርጩ የማለዳውን ሣር ያነጣዋል። ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው ተሠይመዋል፤ «ብርሃን» የተባለው ሳምንት ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ቀን ነው። አባቶች ስለ ብርሃን ለመዘመር የመረጡት ቀኑ የሚረዝምበትንና ሙቀቱ የሚበረታበትን ወራት አይደለም። ብርሃን እንዲመጣ በጨለማው መካከል ሆነው ጠየቁ፤ መጥቷልም ብለው አመሰገኑ። የትንሣኤ ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ ሕዝቡ ጧፉን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን የሚዞረው ገና ሳይነጋ ነው።

ጧፍ ትንሽ ብርሃን ነው። አንድ ክፍል እንኳ በደንብ አያበራም፤ ነፋስም ያጠፋዋል። ሆኖም አንድ ጠባይ አለው፤ ከሌላ ጧፍ ቢለኮስበት አይጎድልም። የአንዱ ቢጠፋ ከጎረቤቱ ይለኩሳል። በጐንደር የሆነው ይኸው ነው። የአንዱ ደብር ሲጠፋ የሌላው ደብር፣ የከተማው ሲጠፋ የደጋው፣ የብራናው ሲጠፋ የቃሉ ለኮሰለት።

ለዛሬው ዘመን

ጐንደር ከዚያ ወዲህም ብዙ ሌሊት አይታለች። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ገባባት፤ ነፃ የወጣችውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን በቀይ ሽብር ልጆቿን በየመንገዱ ቀበረች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ወደ ሰሜን ጐንደር በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ በደባርቅ ተጠለለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ትምህርቱ ያመለጠው ልጅ ቁጥሩ ብዙ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው በቤቱ ኀዘን ተቀምጦ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ንብ ይላክልሃል ብሎ ቃል መግባት ቀልድ ነው፤ ለአንዳንዱ አልተላከለትምና።

ይሁን እንጂ ከጐንደር ታሪክ በእርግጥ የምናውቀውን ልንነግረው እንችላለን። ታቦቱን ይዘው የሸሹት ተመልሰዋል። መጽሐፉ የተቃጠለበት መምህር በቃሉ አስተምሯል። ንግሥቲቱ ሁሉን አጥተው ጸሎታቸውን አላጡም። ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን ሲያልፍ በየደጋው ጧፍ የሚያበራ ሰው ተገኝቷል፤ ያ ሰው ባይገኝ ኖሮ እኛ ዛሬ የምንሳለመው ደጅ ባልነበረን ነበር። እነዚያ ሰዎች መከራው መቼ እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ማታ ማብራት እንዳለባቸው ግን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጐንደር የመጣህ እንደ ሆነ የሥላሴን መላእክት ካየህ በኋላ ጊዜ ወስደህ ወደ ቁስቋም ውጣ። በአንደኛው ኮረብታ እግዚአብሔር የጠበቀውን፣ በሁለተኛው እግዚአብሔር ያነሣውን ታያለህ። በሁለቱም ዘንድ የሚበራው ጧፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ሰምና ጥቂት ፈትል ነው። ለደረሰበት ለማንም ሰው፣ ለጎረቤትህም ጭምር፣ ከያዝኸው ላይ ለኩስለት፤ የአንተው አይጎድልብህም።